ኖራ የተቀባው ዝግባ

አቶ ግዛቸው ከዝግባው ሥር በደረታቸው ተደፍተው፣ ጀርባቸው ላይ ጭን የሚያህል ቅርንጫፍ ተጋድሞ ተገኙ። ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ። ከስልሳ አራት ዓመት ዕድሜያቸው አርባውን የሰው ግቢ ዛፍ ሲንከባከቡ ነው የኖሩት። በጉለሌ ዛፉ የታመመበት ሰው መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት እሳቸውን ያስጠራ ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ቅርንጫፍ ወድቆባቸው ሞቱ ሲባል ታዲያ ሰፈሩ በሙሉ ከንፈሩን መጦ አመነ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ «ቆይ፣ እንዴት?» ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

«ቆይ፣ እንዴት?» ያለችው ኢንስፔክተር ሰናይት ኢታና ናት።

አራት ሰዓት ላይ ወደ እማማ ዓለሜ ግቢ ስትገባ ሥራው ያለቀ መስሎ ጠበቃት። ሳጅን ሬድዋን ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከቷል። አንዲት ሴት እጆቿ በካቴና ታስረው ከዝግባው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሬድዋን። «ሟቹ ከታች ቆመው፣ ይቺ ልጅ ከላይ ሆና ቆረጠች፤ ወደቀባቸው። ደንግጣ ነው መሰለኝ አሁን አዲሱ ገበያ ነበርኩ ትላለች። ያያት ሰው ግን የለም።»

«ልጅ አትበለኝ!» አለች ሴትዮዋ። «ሐመልማል እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጋሽ ግዛቸው ጉልበታቸው እምቢ ካለ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዛፍ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። አንዲት ጭራሮ ሰው ላይ ጥዬ አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» አላት ሬድዋን ቅርንጫፉን እያሳየ።

«ስንቴ ልንገርህ? ትናንት ነው የቆረጥኩት! ጎትቼ ጓሮ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ዛፉ ላይ እግሬን አላነሳሁም። ጋሽ ግዛቸው ‹አንቺ መጋዙን አስሞርጂ፣ እኔ ሥሩን ልመርምር› ብለውኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። የሚሞርደው ሰውዬ አልከፈተም። ጠብቄው ሲቀር ተመለስኩና...» ወደ ሬሳው ዞረች። ወዲያው ግን ቀና አለች። «ከዚህ አልነሳም። ዛፉን ሳታዩት እኔን የትም አትወስዱኝም፤ ከፈለጋችሁ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ።»

ሬድዋን «አዩ አይደል?» በሚል ዓይን አለቃውን አያት። ሰናይት ግን እምቢተኛ ሰው አትጠላም፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ «እሺ» የሚለው ቃል አፏ ላይ አይበረክትም። ጓንቷን አጥልቃ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሟቹ ከኋላ፣ ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ፣ ጡጫ በሚያህል ቦታ ተመትተዋል። ትከሻቸውና ጀርባቸው ደህና ነው። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ውስጥ ደረቅ ኖራ ሞልቷል። ከሥራቸው ትንሽዬ ቢላ ወድቃለች፤ ስለቷ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ቅርንጫፉን አየች። ሣር ላይ ነው የተጋደመው፤ ግን ወደ ሰማይ በዞረው ጎኑ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል።

ተነስታ ዛፉን ዞረችው። ዝግባው ትልቅ ነው፤ ሦስት ሰው ቢያያዝ አያቅፈውም። ከሥሩ እስከ ሰው ደረት ድረስ ነጭ ኖራ ተቀብቷል፤ አንድም የተፋቀ ቦታ የለውም። ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ግን ቢጫ ነው። ጣቷን ግንዱ ላይ አሳረፈችና አነሳችው። ጓንቷ ላይ እርጥብ ኖራ ተጣበቀ። በመሐረብ ጠረገችው።

በዚህ መሃል የጓሮው በር ተንቋቋና ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ጎረቤቱ አቶ አጥናፉ ናቸው፤ የእድሩ ሊቀመንበር። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለችው በር ተዘግታ አታውቅም፤ የእሳቸው ጓሮ ወደ መንገድ መውጫ የለውም። ሰናይት እጇን ስትዘረጋ አቶ አጥናፉ መዳፋቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ አንጓቸውን ሰጧት።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ቁርስ ላይ ነበርኩ፤ እጄ ወጥ ነክቷል።»

ማንም እንደሚያደርገው አንጓቸውን ጨብጣ ለቀቀች።

«ግዛቸውን የመሰለ ሰው!» አሉ አቶ አጥናፉ እንባቸው እየመጣ። «እግዜር ነፍሱን ይማር። ዛፉን ግን አደራ! የአምላክ ፍጥረት ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህቺ ልጅ ካጠፋች ሕግ አለ።»

«ሰው የገደለ ዛፍ ደግሞ ይቆረጣል!» የሚል ድምፅ ከቤቱ በኩል መጣ። ቱታ የለበሰ፣ ጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ደረጃው ላይ ቆሟል። «ቢኒያም ነኝ፤ እማማ ዓለሜ አክስቴ ናቸው። ወረዳ ደውያለሁ፤ ቆራጮቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከነጉቶው ይነቀላል።»

ሐመልማል ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለች። «በሬሳዬ ላይ!»

«እሱም ይመጣል፣ አትቸኩይ» አለ ቢኒያም። አፉ ባለጌ ነው፤ ልቡን ግን ገና አናውቅም።

የሰናይት ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ናቸው። «ሰናይት፣ አደጋ ነው አሉኝ እኮ። ልጅቷን ይዘሽ ነይና ፋይሉን ዝጊ።»

«አልዘጋም፣ ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ገና ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ይስጡኝ።»

«የሚመጣብሽን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፤ ይምጣ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ሬድዋን ሰማይ ሰማይ አየ።

ቢኒያምን ክፍሉ ውስጥ አነጋገረችው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች በርተዋል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ይሄን ያደረገው ሥሩ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «አዎ፣ ዛፉን አልወደውም። ለአክስቴም፣ ለሰፈሩም፣ ለራሳቸው ለጋሽ ግዛቸውም ነግሬያለሁ። እዚህ ጋ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ፣ በቃ። ወንጀል ነው?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ስብሰባ ላይ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ድረስ ከስድስት ሰው ጋር በካሜራ ስንነጋገር ነበር። ስም ዝርዝራቸውን ልስጥሽ።»

«ዛፉ ምን ሆኖ ነው ጋሽ ግዛቸው የተጠሩት?»

«ከላይ መድረቅ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። አክስቴ ምን በሽታ እንደያዘው ካልታወቀ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። እኔማ ተገላገልኩ ብዬ ነበር! በራሱ እየሞተልኝ ላለ ዛፍ እኔ ሰው የምገለው ለምንድን ነው?»

ሰናይት የስድስቱን ሰዎች ስም ተቀብላ ጻፈች። መልሱ ደስ አሰኛት፤ ጥላቻውን በአደባባይ የሚናገር ሰው የሚደብቀው ብዙም የለውም።

እማማ ዓለሜ ከቤተ ክርስቲያን ተጠርተው መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አልፈቱም፤ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ልጄ፣ ለእናንተ ሻይ ይፈላላችሁ» አሉ። «እኔና አጥናፉ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነን።»

ሰናይት ብዕሯን አቆመች። «አቶ አጥናፉ ጠዋት አይበሉም?»

«በሁዳዴ? ወይ ጉድ! ውሃ እንኳ አይቀምስም። ድሮ ዲያቆን ነበር እኮ! ባለፈው ዓመት ታሞ ሐኪም ብላ ቢለው እምቢ ብሎ የሰፈር መነጋገሪያ ሆነ።»

ሰናይት ጴንጤ ናት። የጾሙን ሰዓት የምታስብበት ምክንያት አልነበራትም፤ ያም ሆኖ በራሷ ተናደደች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄ እንዴት ያመልጠዋል?

«ዛፉን ኖራ የሚቀባው ማን ነው፣ እማማ?»

«አጥናፉ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ዓመቱ። ‹ምስጥ እንዳይበላው› ብሎ ለፋሲካ ይቀባልኛል። ዘንድሮ ግን ገና ነው፤ ብሩሹ እኔ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል።»

«የግቢውን ወረቀት ማየት እችላለሁ?»

አሮጊቷ ከሳጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ያረጀ ወረቀት አወጡ። ሰናይት አንዷን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት፦ «በምሥራቅ በኩል እስከ ዝግባው ድረስ»።

«የይዞታ ምዝገባ ለኪዎች በመጪው ማክሰኞ ይመጣሉ» አሉ እማማ ዓለሜ። «ዛፉ ስላለ ችግር የለም። ምልክት ለጠፋበት ግን የሰፈር ሽማግሌ ቃል ይጠየቃል ይባላል።»

«በዚህ ሰፈር ከሁሉም የቆየው ሽማግሌ ማን ነው?»

እማማ ዓለሜ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው በመስኮቱ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ዞሩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ።

ሰናይት ወጥታ ሬድዋንን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችው፤ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችውና ፍተሻ የሚፈቅደውን የፍርድ ቤት ወረቀት እንዲያወጣ ላከችው። ከዚያ የሐመልማልን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች።

«ዛፉን እዩት ስትዪ አልነበር? ስምንት ሰዓት ላይ ታሳዪናለሽ።»

ቆራጮቹ በሰዓታቸው መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ በሞተር የሚሠራ መጋዝ ይዘዋል። አለቃቸው ኪሩ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ሬሳው ተነስቷል። ሰናይት ሁሉንም ዝግባው ሥር ሰበሰበቻቸው፦ እማማ ዓለሜን፣ ቢኒያምን፣ አቶ አጥናፉን፣ ሐመልማልን። ቆራጮቹንም «እናንተም ስሙ» አለቻቸው።

«መጀመሪያ ቅርንጫፉ» ብላ ጀመረች። «ከላይ ወደ ሣሩ የወደቀ እንጨት ቀይ ጭቃ የሚነካው በየት በኩል ነው? ያውም ወደ ሰማይ በዞረው ጎኑ? ቀይ ጭቃ ያለው ጓሮ ነው። ሐመልማል እውነቷን ነው፤ ቅርንጫፉ ጓሮ አድሯል። ጠዋት ጎትቶ ያመጣውና አስከሬን ላይ የጫነው ሰው አለ።»

«እሷው ጎትታ ብታመጣውስ?» አለ ቢኒያም።

«ጥሩ። እሷ ብትሆን ኖሮ የራሷን መቁረጫ ምልክት የያዘ እንጨት አምጥታ በራሷ ላይ ትመሰክር ነበር? የጫነው ሰው ጥፋቱ እሷ ላይ እንዲወድቅ የፈለገ ነው። ቁስሉም የጡጫ ያህል ነው። ይሄ ቅርንጫፍ ከላይ ቢወድቅ ኖሮ ትከሻቸውንም ይሰብር ነበር። በድንጋይ ነው የተመቱት፤ ተንበርክከው ሥራ ላይ እያሉ፣ ከኋላ።»

እማማ ዓለሜ አማተቡ።

«ምን ይሠሩ ነበር? ጥፍራቸው ውስጥ ደረቅ ኖራ ሞልቷል፤ ቢላቸው ነጭ ነው። ኖራ ይፍቁ ነበር። እስቲ የተፋቀውን ቦታ አሳዩኝ!»

ሁሉም ግንዱን አዩ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው።

«የለም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ሰው ሸፍኖታል። አራት ሰዓት ላይ ስነካው እርጥብ ነበር። ደግሞ እዩት፤ የብሩሽ መስመር የለውም። ብሩሹ ተቆልፎበታል፤ ይሄ በጣት የተለቀለቀ ነው። ሐመልማል፣ እጠቢው።»

ሐመልማል አንድ ባልዲ ውሃ ቀድታ ግንዱ ላይ ደፋችው፣ በጨርቅም ጠረገች። ነጩ ወረደ። ከጉልበት ከፍ ብሎ ሁለት ስንዝር የሚሰፋ ቀለበት ብቅ አለ፤ በዚያ ቦታ ቅርፊቱ ተልጦ እንጨቱ ጠቁሯል። ቀለበቱ ዛፉን ዙሪያውን ይዞታል።

«ወይኔ!» አለች ሐመልማል። በሬሳው ላይ ያላለቀሰችው አሁን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንቀውታል! የዛፍ ምግብ የሚወርደው በቅርፊቱ ነው። እንዲህ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ተርቦ ቀስ እያለ ይሞታል። በሽታ የለበትም። ሰው ነው!»

«ሰው ነው» አለች ሰናይት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ምስጥ እንዳይበላው› እያለ ቁስሉን በኖራ የሸፈነ ሰው። ዛፉ እንዳይነካብኝ እያለ በአደባባይ የሚያለቅስም እሱ ነው። አቶ ቢኒያም የሚፈልገው ቤት መሥራት ነው፤ ዛፉ ሲደርቅ ከነጉቶው ይነቅለዋል። ጉቶው ሲጠፋ ደግሞ የድንበሩ ምልክት ይጠፋል። ያኔ ‹ዝግባው የነበረው ከዚያ ወዲያ ነው› የሚል ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጓሮው ወደ መንገድ መውጫ የሌለው ሽማግሌ።»

ዓይን ሁሉ ወደ አቶ አጥናፉ ዞረ።

«የኔ ልጅ» አሉ በተረጋጋ ድምፅ፣ «እኔ ጠዋት ቤቴ ነበርኩ ብዬሻለሁ።»

«ቁርስ ላይ ነበርኩ ነው ያሉኝ። በሁዳዴ፣ በአራት ሰዓት፣ እርስዎ! እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ዋጥኳት። እማማ ዓለሜ ቢሰሙ ኖሮ ያኔውኑ ይስቁብዎት ነበር። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፤ በሐኪም ትእዛዝ እንኳ ጾሙን ያልፈታ ሰው በልቻለሁ ብሎ የሚዋሸው ምን ቢሆን ነው? መዳፉን ላለማሳየት ነው። ኖራ ባዶ እጅን ያቃጥላል። እባክዎ፣ እጅዎን ከጋቢው ያውጡ።»

አላወጡም።

ቢኒያም እጁን ዘረጋ። ሐመልማልም ዘረጋች። እማማ ዓለሜም የተሸበሸበ መዳፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። ይሄኔ ሬድዋን በጓሮው በር ገባ፤ እጁ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«እንዳሉት ነው፣ ኢንስፔክተር። ከአቶ አጥናፉ ጓሮ፣ ከኖራው በርሜል ሥር ነው ያወጣሁት። ድንጋይ ነው፤ ፀጉር አለበት።» ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞረና አንገቱን ደፋ። «እኅቴ፣ ይቅርታ።»

አጥናፉ እጁን አወጣ። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም፤ አንደበቴ እምቢ አለኝ። መዳፉ ቀልቶ ተልጧል፣ ጣቶቹ መሃል ውሃ ቋጥሯል።

«ግዛቸው ጠራኝ» አለ። «‹አንድ ነገር ላሳይዎት› ብሎ። ቀለበቱን አሳየኝና ‹የሚቀቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እንዴት አላዩትም?› አለኝ። ዝም ስል ገባው። ‹እማማ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ መፋቁን ቀጠለ።»

«ሰባት ዓመት አብረን ማኅበር ጠጥተናል» አሉ እማማ ዓለሜ። «ባሌን የቀበርከው አንተ ነህ፣ አጥናፉ። መሬቱን ብትጠይቀኝ ኖሮ መውጫ አልከለክልህም ነበር። አልጠየቅከኝም።»

«ምን ዋጋ አለው?» አለ አጥናፉ፤ ሬድዋን ካቴናውን ሲያጠልቅለት እንኳ አንገቱን አልሰበረም። «ዛፉ እንደሆነ ሞቷል። ብትጮሁም ብታለቅሱም ሞቷል።»

«አልሞተም!» ሐመልማል ከግንዱ ጀርባ፣ በአጥሩ በኩል ተንበርክካ ነበር። ፊቷ በእንባና በኖራ ተለውሷል። «እዚህ ጋ አጥሩ ይዞህ እጅህ በደንብ አልገባም። አራት ጣት የምታህል ቅርፊት ቀርታለች፤ እርጥብ ናት። ሁለት ዓመት ያኖረችው እሷ ናት። ከራሱ ቅርንጫፍ ቀጫጭን እንጨት ቆርጬ ከቁስሉ በላይና በታች እሰካዋለሁ፤ ምግቡ በሱ ላይ ይሻገራል። ጋሽ ግዛቸው ወይራ ላይ ሲሠሩት አይቻለሁ።»

«ካልያዘስ?» አለ ቢኒያም። አሁን እየጠየቀ ነው እንጂ እያሾፈ አይደለም።

«ካልያዘ ደርቆ ይቆማላ!» አሉ እማማ ዓለሜ። ከወንበራቸው ተነስተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ደረቅ እንጨትም ድንበር ነው። ማክሰኞ ሲመጡ እዚሁ ሥሩ እጠብቃቸዋለሁ። ግዛቸው የሞተበትን ዛፍ ማንም አይነካውም፤ አንተም ቢሆን፣ ቢኒያም።»

ቢኒያም የተሰነጠቀውን ግድግዳ ዞር ብሎ አየ።

ኪሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ማለቴ፣ እማማ፣ እኔ የታዘዝኩት ዛፉን ቆርጬ እንድመለስ ነው። ሳልቆርጥ ከሄድኩ ምክንያቱን ቅጹ ላይ መሙላት አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እምቢ አለች ብለህ ጻፍ።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

ኪሩ ወረቀቱን የመጋዙ ሽፋን ላይ አስደግፎ ጻፈ። እማማ ዓለሜ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት፤ ከዚያ ብዕሩን ከእጁ ተቀብለው ስማቸውን ከነአባታቸው ከሥሩ ፈረሙ።